የኋላ መብራት

መጥሪያው የመጣ ለት ዶሮዎቼ ዝም አሉ፣
ወይ ለእኔ መሰለኝ፣ ስደነግጥ ዝም ያሉ።
ስሜ ከነአባቴ፣ ቀኑ ከነሰዓቱ፣
ሰማያዊ ማኅተም፣ የጥፋቴም ዓይነቱ፦
«የኋላ መብራት የሌለው ተሽከርካሪ መንዳት»።
ሌባ አይል፣ ቀማኛ አይል፤ የአንድ አምፖል ጥፋት።

ላዳዬ ከበኩር ልጄ በዕድሜ ትበልጣለች፤
ከፊቷ ደኅና ናት፣ ከኋላ ታውራለች።
ያን ጧት ሠላሳ ትሪ እንቁላል ከኋላ ጭኜ፣
እንደ ልምድ አዋላጅ ተጠንቃቂ ሆኜ፣
ከኮዬ ፈጬ ቁልቁል፣ ጎህ ሳይቀድ በጉሙ፣
ቱሉ ዲምቱ ጋ ስደርስ—
ፊሽካ። እጅ። «ይቁሙ!»
በሕግ አምላክ ሲሉት ወራጅ ውሃ ይቆማል፣
ላዳ ግን ላዳ ነው፤ ፍሬኑ ይለመናል።
ሃያ እርምጃ አልፌ ቆምኩኝ። ሮጦ ደረሰብኝ፤
«እናቴ፣ ከኋላ ሲታዩ የሉም» አለኝ።

ለመክፈል አሥር ቀን ነበረኝ፤ አልካድኩም፤
ፈንግል ገባብኝና ቀን መቁጠር አልቻልኩም።
ካጥሩ ሥር በአካፋ ሰባ አንድ ዶሮ ስቀብር፣
ወረቀቱ ተረስቶ ከክትባት ደረሰኝ ሥር።

መጥሪያው ሲሰማ ሰፈሩ በሙሉ ጠበቃ ሆነ።
«ካጂ!» አለኝ ብሎኬት ሻጩ ሙላቱ እየማለ፤
«አልቅሺ» አለች ዘነቡ፣ «ዳኛ ሆዱ የማይባባ የታለ?»
እኔ ግን ማታ ማታ ፊቴ አቁሜ አውራ ዶሮ፣
«ክቡር ፍርድ ቤት» እላለሁ፤ አምሮ፣ ተቀምሮ፣
ስለ መንገዱ ምሰሶ፣ ዓመት ስላልበራው—
እኔን መጥሪያ ከጠራኝ፣ ምሰሶውን ማን ጠራው?
አውራ ዶሮው ሰማኝ። ፍርዱን ለነገ ቀጠረ።

ቀኑ ደረሰ።
ካፊያ። የታክሲው ሰልፍ እስከ ነዳጅ ማደያው።
እጅ ተነሣ። ሰደርያው ያው፣ ሰውዬውም ያው።
መንጃ ፈቃዴን አወጣሁ ሳልጠየቅ በፊት።
«እሱን አይደለም» አለ ጎንበስ ብሎ በመስኮት፤
«ቃሊቲ ችሎት ነበርኩ፣ ለምስክርነት ተጠርቼ፣
ቢያደርሱኝ...» «በማን ላይ?» አልኩት በሩን ከፍቼ።
ወረቀት አወጣ፣ በጣቱ እየተከተለ፣
«አስካለ ይርጉ የምትባል ሴት ነች» አለ።
«ይግቡ» አልኩት።

ስለ ዝናብ አወራን፤ ስለ ጤፍ፤ ስለ ልጁ፣
ማትሪክ ደርሶ ሒሳብ እንደ ሳሙና ከእጁ።
የአቃቂ ድልድይ ላይ ዞሮ አየ ባዶ ትሪዎቹን፣
ከዚያ እኔን፤ ከዚያ ጉልበቱን፤ ከዚያ ወረቀቱን።
እስከ ችሎቱ በር ድረስ ሌላ ቃል አልወጣም፤
አንዴ ብቻ «ሁለተኛ ማርሽ...» አለ፤ አልጨረሰውም።

ሳጅን ዋቅጅራ ማለ፤ ያየውን ተናገረ፣
አንድም አልጨመረ፣ አንድም አላስቀረ።
«ተከሳሽስ?» አለች ዳኛዋ፣ ቀና ሳትል ከመዝገቡ።
የምሰሶው ነገር፣ የእንባው ነገር፣
ሁሉም ከአፌ ዳር ጠፋ።
«እውነቱን ነው» አልኩ። «ከኋላ አልታይም።»
ያኔ ቀና አለች።

ቅጣቱ የስድስት ትሪ እንቁላል ዋጋ ነው፤ አስልቼዋለሁ።
ደረሰኝ ለማስቆረጥ ተሰልፌ፣ ሲመሽ ወጣሁ።
ዝናቡ ለይቶለታል። ከበሩ ሥር፣ ኮፍያውን ደፍቶ፣
ዋቅጅራ ቆሟል፣ ታክሲውን ተስፋ ቆርጦ ትቶ።
አልተነጋገርንም። ገባ። ከዚያ ደግሞ ወረደ፤
ቢጫ ሰደርያውን አውልቆ ወደ ኋላ ሄደ፣
ከላዳዬ ጀርባ ላይ በሲባጎ ቋጠረው፤
ሲባጎው የእንቁላል ትሪ የማስርበት ነው።
በሸሚዙ ብቻ፣ ርሶ፣ ከጎኔ ተቀመጠ።
ሲኖትራክ ከኋላችን መጣ፤ መብራቱን ሲለቅብን
በራን።

«ነገ ይመልሱልኛል» አለኝ ሲወርድ፣ ሰደርያውን ሳይፈታ፤
«ያለ አምፖል ካየሁዎት ግን እይዛለሁ፣ ጧትም ቢሆን ማታ።»
«ምስክሩ ማን ሊሆን?» አልኩት።
ፊሽካውን አፉ ውስጥ ከተተ፤
አልነፋውም።